ቀጤነትን በሲኤምኤም መለካት፦ ድሬዳዋ ላይ ደጋግመው የሚጠይቁን ጥያቄዎች

ይህን የጻፍኩት ሲኤምኤም (ዕቃን ነጥብ በነጥብ በፕሮብ እየነካ የሚለካ ማሽን) ላይ ለማስለካት ዕቃ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ስለ ቀጤነት፣ ማለትም አንድ ፊት ከሌላው ጋር 90 ዲግሪ ስለ መሥራቱ፣ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለሚደጋግሙብኝ ነው። ግማሾቹ የቶርኖና የሚሊንግ ሠራተኞች ናቸው፤ ሌሎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፤ አልፎ አልፎ ደግሞ «ዕቃዬን ለምን መለሱብኝ» ብሎ ተናዶ የሚመጣ የወርክሾፕ ባለቤት አለ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይለመድ «አንተ» እያልኩ ነው የምሄደው፤ አንቺም ብትሆኚ ነገሩ ያው ነው።

ድሮዊንጉ ላይ 0.05 ይላል። ዲግሪ ነው?

አይደለም፣ ሚሊሜትር ነው። የተገለበጠ ቲ የሚመስለው ምልክት አጠገብ የተጻፈው ቁጥር ማዕዘን አይደለም፤ ስፋት ነው። ከዳተሙ (ልኬቱ መነሻ ከሚያደርገው ፊት) ጋር ልክ 90 ዲግሪ ሠርተው የቆሙ፣ በመካከላቸው 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ያለ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎችን አስብ። የምትለካው ፊት፣ እያንዳንዷ ነጥቡ ሳትቀር፣ በነዚህ ግድግዳዎች መሃል መግባት አለበት። ከገባ አለፈ፤ አንዲት ጥግ ከወጣች ወደቀ።

ስለዚህ ያው 0.05 በረጅም ፊት ላይ ጥብቅ፣ በአጭር ፊት ላይ ልል ነው። 100 ሚሊሜትር ከፍታ ላይ 0.05 ማለት ወደ 1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ የሚሆን ማዘንበል ነው። ፊቱ 20 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ ግን አምስት እጥፍ ማዘንበል ይፈቀዳል። በስህተት «0.05 ዲግሪ» ብሎ የሠራ ሰው 100 ሚሊሜትር ላይ እስከ 0.087 ድረስ ያልፍልኛል ብሎ ያስባል፤ ዕቃው የሚመለስበትም ለዚህ ነው።

ሶፍትዌሩ ለኔ 0.018 አለኝ፣ ደንበኛው ጋ 0.031 ወጣ። የቱ ነው የዋሸው?

የዋሸ የለም። ሁለቱ ማሽኖች የተጠየቁት የተለያየ ጥያቄ ነው።

ብዙ የሲኤምኤም ሶፍትዌር ቀጤነትን በሁለት መንገድ ማስላት ይችላል። በአንደኛው፣ ከነካሃቸው ነጥቦች አማካይ ጠለል (ፍጹም ዝርግ የሆነ ሐሳባዊ ፊት) ያበጅና ነጥቦቹን ይረሳቸዋል። ከዚያ ያ አማካይ ጠለል ከዳተሙ ጋር ያለውን የማዕዘን ጉድለት በርዝመት አባዝቶ ቁጥር ይሰጥሃል። ፊቱ ቢጎብጥ፣ ቢሰረጎድ፣ መሃሉ ቢያብጥ ግድ የለውም፤ አማካዩ ቀጥ ብሎ ከቆመ ይበቃዋል። በሁለተኛው መንገድ ግን ነጥቦቹን አይረሳም። በዳተሙ ላይ 90 ዲግሪ የቆሙትን ሁለት ግድግዳዎች አምጥቶ፣ ነጥቦቹን ሁሉ ለመያዝ ቢያንስ ምን ያህል መራራቅ እንዳለባቸው ይፈልጋል። የድሮዊንግ ምልክቶችን ትርጉም የሚደነግጉት ሁለቱ ስታንዳርዶች፣ ዓለም አቀፉ አይኤስኦ 1101ም ሆነ የአሜሪካው ኤኤስኤምኢ ዋይ 14.5፣ የሚሉት ይህን ሁለተኛውን ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከኪሴ ከፍዬ ነው። ለማጓጓዣ ቀበቶ የኩሽኔታ መያዣ የሚሆን፣ ኤል ቅርጽ ያለው ዕቃ ለክቼ 0.018 ብዬ ፈረምኩ፤ ቶለራንሱ (የሚፈቀደው ስህተት) 0.03 ነበር። ተቀባዩ በራሱ ማሽን 0.031 አግኝቶ ሙሉውን መለሰው። ሁለት ቀን ስታይለሱን (ዕቃውን የሚነካውን፣ ጫፉ ላይ ኳስ ያለውን የፕሮቡን ዘንግ) ስጠረጥር፣ የማስተካከያ ኳሱን ስጠርግ ዋልኩ። በመጨረሻ መልሱ እዚያው የፈረምኩበት ወረቀት ላይ ተገኘ፤ ከቀጤነቱ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የዚያው ፊት ዝርግነት (ፊቱ በራሱ ከጠፍጣፋነት የጎደለው) 0.026 ይላል።

ይህ ሊሆን አይችልም። ፊቱን ለመያዝ በፈለጉት በኩል መዞር የሚችሉ ሁለት ግድግዳዎች 0.026 ካስፈለጋቸው፣ በዳተሙ ታስረው እንደልባቸው መዞር የማይችሉ ግድግዳዎች ከዚያ ያነሰ ሊበቃቸው አይችልም። የአንድ ፊት ቀጤነት ከራሱ ዝርግነት በታች ከወጣ ሶፍትዌሩ የሚያሰላው በመጀመሪያው መንገድ ነው ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሪፖርት ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። አንተም ዝርግነትን ሁልጊዜ አብረህ አሳትም፤ ጊዜ አይፈጅም፣ አዲስ ነጥብም አይጠይቅም።

ምን ታደርጋለህ? ሶፍትዌርህ ውስጥ ቶለራንሱን በድሮዊንጉ ላይ እንዳለው በሳጥን የምትሞላበትን አማራጭ ፈልግ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጥቦቹን ይዞ የሚያሰላው እሱ ነው። «ርዝመት አስገባ» ብሎ የሚጠይቅህ አማራጭ ካጋጠመህ ተጠንቀቅ፤ ማዕዘን ሊያባዛ ነው።

ዳተሙና የሚለካው ፊት ቢቀያየሩስ? 90 ዲግሪ 90 ዲግሪ ነው አይደል?

ማዕዘኑ አንድ ነው፣ ቁጥሩ ግን አይደለም። ይህን ጥያቄ ተማሪዎች አጥብቀው ይከራከሩኛል፤ ስለዚህ በቁጥር ላሳይ።

ዳተም ኤ 15 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጠባብ ደረጃ ነው እንበል። ከሱ ላይ የሚነሳው ግድግዳ 150 ሚሊሜትር ነው። ደረጃው ላይ በ15 ሚሊሜትር ውስጥ 2 ማይክሮን (0.002 ሚሊሜትር) የሚያህል ማዘንበል ቢገባ (ትንሽ ቆሻሻ፣ ትንሽ የፕሮብ ስህተት ይበቃዋል) ግድግዳው ጫፍ ሲደርስ 20 ማይክሮን ሆኖ ይወጣል። አሁን ቀያይራቸው፦ ረጅሙን ግድግዳ ዳተም፣ ጠባቡን ደረጃ ተለኪ አድርግ። ያው ማዘንበል 2 ማይክሮን ሆኖ ይነበባል። ዕቃው አልተነካም፤ ሪፖርቱ ግን አንዴ 0.020፣ አንዴ 0.002 ይላል።

አንዳንዱ ይህን ሲያውቅ ቁጥሩን ለማሳመር ይቀያይራል። ይህ ማጭበርበር ነው፤ ዳተሙን የሚመርጠው ድሮዊንጉ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ለምርመራ ግን ጥሩ መሣሪያ ነው፦ ቀያይረህ ስትለካ ቁጥሩ በርዝመቱ ልክ ከወረደ ችግሩ ጠባቡ ዳተም ላይ መሆኑን ትጠረጥራለህ። ዳተሙ በጣም ጠባብ ከሆነ ነጥቦችህን እስከ ጠርዙ ድረስ ዘርጋቸው፣ ደጋግመህ ለካ፣ ካልተረጋጋ ደግሞ ንድፍ ለሠራው ሰው ንገረው። በኔ ልምድ «ልኬቱ አልስማማ አለ» ተብሎ ከሚመጣው አብዛኛው መነሻው ዳተሙ ነው፤ ሰው ግን ሁሌ የሚደጋግመው ተለኪውን ፊት ነው።

ዳተም ላይ ስንት ነጥብ ልንካ? ሦስት አይበቃም?

ሦስት ነጥብ ጠለል ለመሥራት ይበቃል፣ ለመፍረድ አይበቃም። በሦስት ነጥብ የተሠራ ጠለል ዝርግነቱ ሁሌም ዜሮ ነው፤ ስህተት ቢኖርበትም አይነግርህም። መካከለኛ መጠን ላለው ፊት ከ9 እስከ 12 ነጥብ፣ እስከ ጠርዙ ተዘርግቶ፣ ቢያንስ ይሁን። ስካን የሚያደርግ ፕሮብ ካለህ ተጠቀምበት።

ሌላው ነገር የስሌት ዘዴው ነው። ዕቃው ግራናይት (የማሽኑ የድንጋይ ጠረጴዛ) ላይ ሲቀመጥ የሚያርፈው ከፍ ባሉት ነጥቦቹ ላይ ነው። ጋውስ የሚባለው ዘዴ ግን ጠለሉን በነጥቦቹ መሃል ያሳልፈዋል፤ ከፍ ያሉትንም ዝቅ ያሉትንም ይቆርጣል። ዳተሙ በደንብ ግራይንድ ከተደረገ ልዩነቱ ከቁም ነገር አይገባም። ከሚሊንግ በቀጥታ የመጣ፣ አንድ ጎኑ ትንሽ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ዕቃው እውነት የሚያርፍበት ጠለልና ጋውስ የሚሠራው ጠለል ተመሳሳይ አቅጣጫ የላቸውም። ሶፍትዌርህ ከውጭ የሚያርፍ ታንጀንት ጠለል የሚሠራበት አማራጭ ካለው ለዳተም እሱን ምረጥ፤ ቆሻሻ ነጥብ ግን ይህን ዘዴ በቀላሉ ያሳስተዋል፣ ስለዚህ ጠረጋው ላይ አትስነፍ። የመረጥከውን ዘዴም ሪፖርቱ ላይ ጻፈው።

የቀዳዳ ቀጤነትስ?

ከቁጥሩ ፊት የዲያሜትር ምልክት (ሰንጥቆት የሚያልፍ መስመር ያለበት ክብ) አለ ወይስ የለም፣ መጀመሪያ ያንን እይ። ካለ ክልሉ ሲሊንደር ነው፤ የቀዳዳው ዛቢያ በማንኛውም አቅጣጫ ከዚያ ሲሊንደር መውጣት የለበትም። ከሌለ ሁለት ትይዩ ግድግዳ ነው፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይቆጣጠራል። ሶፍትዌሩ ላይ ይህን ምልክት ሳያዩ አልፎ መሄድ በጣም የተለመደ ስህተት ነው።

ከላይ አንድ ክብ፣ ከታች አንድ ክብ ለክቶ መሃላቸውን በመስመር ማያያዝ ፈጣን ነው፤ እኔ አልወደውም። በሁለት ነጥብ መሃል የሚያልፍ መስመር ሁሌም ቀጥ ያለ ነውና ቀዳዳው መሃል ላይ ቢታጠፍ አይታይህም። ፑንታ (መሰርሰሪያው) ደግሞ ጥልቅ ቀዳዳ ውስጥ መሸሽ ይወዳል። ቢያንስ በአራት ከፍታ፣ በያንዳንዱ 8 ነጥብ ውሰድ።

በሁለቱ ስታንዳርድ መሃል እዚህ ላይ ልዩነት አለ። በአይኤስኦ የሚፈረደው እንደተለካው ያለው የመሃል መስመር ነው፣ ጉብጠቱ ይቆጠራል። በኤኤስኤምኢ ደግሞ ቀዳዳው ውስጥ ከሚገባው ትልቁ ፍጹም ሲሊንደር የሚወጣው ቀጥ ያለ ዛቢያ ነው የሚፈረደው። ድሮዊንጉ የቱን እንደሚከተል ጥጉ ላይ ከርዕስ ሳጥኑ አንብብ።

ከቁጥሩ ኋላ በክብ ውስጥ ኤም አለ። ምንድን ነው?

ቀዳዳው ከትንሹ መጠኑ በሰፋ ቁጥር ቀጤነቱ ላይ ጭማሪ ይሰጥሃል ማለት ነው። ቀዳዳው ከ20.00 እስከ 20.05 ቢፈቀድ፣ ቀጤነቱ 0.03 ቢሆንና አንተ 20.02 ብትለካ 0.02 ይጨመርልሃል፤ 0.05 ድረስ ያልፋል። ሶፍትዌሩ ላይ ኤሙን ካላስገባህ ጥሩ ዕቃ ትጥላለህ። ዲያሜትሩንም በትክክል ካልለካህ ጭማሪው ውሸት ይሆናል።

የድሬ ሙቀት ልኬቱን አያበላሸውም?

ግማሽ እውነት ነው፣ እና ሰው ብዙ ጊዜ የሚይዘው የተሳሳተውን ግማሽ ነው።

የልኬት ሁሉ መነሻ ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ድሬ ውስጥ ይህን ጥላ ስር እንኳ አታገኘውም። 100 ሚሊሜትር ብረት 30 ዲግሪ ላይ ወደ 11.5 ማይክሮን ይረዝማል፣ አሉሚኒየም እጥፉን። ለርዝመት ልኬት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለቀጤነት ግን ዕቃው ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ከሞቀ ሁሉም ጎን በእኩል መጠን ያድጋል፣ 90 ዲግሪው 90 ዲግሪ ሆኖ ይቆያል።

የሚያጠፋህ እኩል ያልሆነ ሙቀት ነው። 300 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት መሠረት የላይኛው ፊቱ ከታችኛው በ1 ዲግሪ ብቻ ቢሞቅ ወደ 6 ማይክሮን ይጎብጣል። ጫፉ ላይ የቆመ 100 ሚሊሜትር ግድግዳ ካለው ጫፉ ከ8 ማይክሮን በላይ ያጋድላል። በአንድ ዲግሪ!

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከመጋላ በባጃጅ የመጣ ዕቃ ነበር፤ ባለቤቱ ጭኑ ላይ አድርጎት አንድ ጎኑ ፀሐይ ሲመታው መጥቷል። ቸኩያለሁ ስላለ ወዲያው ለካነው፣ ወደቀ። ሻይ ጠጥቶ ሲመለስ ቁጥሩ ተቀንሷል። ማግስቱን ጠዋት፣ እዚያው ክፍል ውስጥ አድሮ፣ አለፈ። ከሐረር የሚወርደውም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ላይኛው ከተማ ጠዋት ይቀዘቅዛል፣ ዕቃው ከብርዱ ወጥቶ ድሬ ሲገባ ከውጭ ወደ ውስጥ መሞቅ ይጀምራል። ደንቤ አጭር ነው፦ ትልቅ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ ያድራል፣ ትንሹ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፣ የአየር ማቀዝቀዣው ንፋስም ማሽኑን በአንድ ጎን እንዲመታው አይደረግም። የማሽኑ ግራናይትም ላይና ታቹ እኩል ካልሞቀ እንደዚያው ዕቃ ይጎብጣልና።

ብረትና አሉሚኒየም በቡሎን የተያያዙበት ዕቃ ግን ከዚህ ውጭ ነው፤ እሱ እኩል ቢሞቅም ይጣመማል።

ማሽኑ ራሱ ስኳድራ መሆኑን (አክሲሶቹ ልክ 90 ዲግሪ መሥራታቸውን) በምን አውቃለሁ?

የካሊብሬሽን ወረቀት ይኑርህ፣ ይህ ግዴታ ነው። በመሃል ግን ራስህ ልታጣራ ትችላለህ፤ ጥሩ የግራናይት ስኳድራ ወይም በደንብ ግራይንድ የተደረገ ዕቃ ይበቃል። ለክተው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ 180 ዲግሪ አዙረህ እንደገና ለካው። የዕቃው ጉድለት ከዕቃው ጋር ይዞራል፤ የማሽኑ ጉድለት ግን ባለበት ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሶፍትዌሩ የሚሰጥህ የቀጤነት ቁጥር ምልክት የለውም፣ ሁሌም ፖዘቲቭ ነው፤ ወደየት እንደሚያጋድል አይነግርህም። ስለዚህ ቀጤነቱን ትተህ የጠለሉን ማዕዘን አንብብ፣ ወደ የትኛው አክሲስ እንደሚያጋድል ጻፍ። መጀመሪያ ወደ ኤክስ ፕላስ 14 ማይክሮን ካጋደለ፣ ስታዞረው ደግሞ አሁንም ወደ ኤክስ ፕላስ 4 ማይክሮን ካጋደለ፣ ደምረህ ለሁለት ስትከፍል 9 የማሽኑ ነው፤ ቀንሰህ ለሁለት ስትከፍል 5 የዕቃው ነው። ሁለት ልኬት፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክርቢቶ። በዋይ በኩልም ድገመው።

ሞርሳ ላይ አጥብቄ ልሰረው?

አይሆንም። የሲኤምኤም ፕሮብ የሚነካው በጥቂት ግራም ነው፣ ዕቃው እንዳይንሸራተት ብቻ ያዘው። ስስ ግድግዳ ያለውን ዕቃ ሞርሳ ውስጥ አስጨንቀህ ከለካህ የምትለካው ሞርሳውን ነው።

አንዲት ነጥብ ብቻዋን ወጣች። ልሰርዛት?

መጀመሪያ ጥረግ። የድሬ አቧራ ደቃቅ ነው፣ በዓይን አይታይም፤ የብረት ፍቅፋቂም ጠርዝ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ፊቱንም የስታይለሱን ኳስም ጠርገህ ያንኑ ቦታ እንደገና ንካ። ከጠፋች ቆሻሻ ነበረች። እዚያው ደግማ ከወጣች የዕቃው ናት፣ መሰረዝ አትችልም። ሶፍትዌሩ ራሱ «ያፈነገጡ ነጥቦችን አስወግድ» የሚል አማራጭ ካለው ለቀጤነት ዝጋው፤ ማሽኑ በራሱ ቁጥሩን ሲያሳምርልህ አታውቅም።

ቶለራንሱ 0.03 ነው፣ 0.029 ወጣ። አለፈ?

ስንት ጊዜ ለካኸው? ዕቃውን አንስተህ፣ ጠርገህ፣ መልሰህ አስቀምጠህ አምስት ጊዜ ድገም። ውጤቱ ከ0.026 እስከ 0.033 ከተራመደ 0.029 ስትል ዕድል ነው የምትነግረኝ።

አይኤስኦ 14253-1 ለዚህ ግልጽ ሕግ አለው፦ አምራቹ «አልፏል» ለማለት ከልኬቱ እርግጠኛ ያለመሆን መጠን የሚሰላ ኅዳግ ከቶለራንሱ መቀነስ አለበት፤ ገዢው «ወድቋል» ለማለት ደግሞ መጨመር አለበት። ይህ ኅዳግ 0.004 ከሆነ አንተ አምራቹ 0.026 ድረስ ነው በድፍረት የምትፈርመው። በ0.026 እና በ0.034 መካከል ያለው ማንም በማስረጃ የማይፈርድበት መሬት ነው። ውል ስትፈራረሙ ስለዚህ መሬት ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በኋላ ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው።

ስኳድራና ዲያል ኢንዲኬተር አይበቃም?

ለብዙ ሥራ ይበቃል፣ ይህን ስል አላፍርም። ድሬ ራሷ በ1902 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች የወርክሾፕ ከተማ ናት፤ የድሮ ባለሙያ ስኳድራውን ከብረቱ ጋር ገጥሞ ወደ መስኮት ያነሳውና በመሃል በሚያልፈው ብርሃን ጥቂት ማይክሮን ይለያል። ስኳድራ የማይችለው ጥልቅ ቀዳዳን፣ ኤም ያለበትን ቶለራንስና ለደንበኛ የሚላክ ሪፖርትን ነው። እጅህ ላይ ያለው ስኳድራ 0.05 ሲልህ ሲኤምኤሙ 0.005 ካለ ግን ስኳድራውን ከመጣልህ በፊት የማሽኑን ዳተም ተመልከት።

በመሃል መብራት ቢጠፋስ?

ይጠፋል። ዩፒኤስ ኮምፒውተሩን ያቆይልሃል፣ ኮምፕሬሰሩን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይችልም፤ አየር ሲቀንስ በአየር ተንሳፈው የሚሄዱት የማሽኑ ተንሸራታች ክፍሎች ግራናይቱ ላይ ያርፋሉ። መብራት ሲመለስ አየሩ ሞልቶ እስኪረጋጋ ጠብቅ፣ ማሽኑን ወደ መነሻው መልሰው፣ ስታይለሱን በኳሱ እንደገና አስተካክል። ከዚያ ያልለካኸውን ፊት ብቻ አይደለም፣ ዳተሙንም ከመጀመሪያ ለካ። ከመብራቱ በፊት የተለካን ዳተም ከመብራቱ በኋላ ከተለካ ፊት ጋር አታጋባቸው፤ በመሃል ማቀዝቀዣውም ቆሞ ነበር።